ኮሶና እንቆቆ ለበግ ትል ይሆናሉ ወይ?

የመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሼ እቤት ነኝ፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ በጎቹን የምይዘው እኔ ነኝ። 17 ነበሩ፣ ከነሐሴ ወዲህ ሦስቱ ሞቱብኝ። ከመሞታቸው በፊት ከመንጋጋቸው ሥር ያብጣሉ። ማታ ከግጦሽ ሲመለሱ ያበጠው ጠዋት ጎድሎ ይታያል። በግልገሎቹ በጠጥ ላይ ደግሞ ሩዝ የመሰለ ነጭ ነገር አያለሁ። ከገበያ አልቤንዳዞል ገዝቼ አንዱን ኪኒን ለአራት እየከፈልኩ ሰጠኋቸው። ለውጥ የለም። አጎቴ ኮሶና እንቆቆ ቀቅለህ አጠጣቸው፣ እሱ እምቢ ካለ እንዶድ አለ ይሉኛል። የዕፅዋት መድኃኒት ይሠራል? ከሠራስ መጠኑ ስንት ነው?»

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ፈጣሪ ያጽናህ። ጥያቄህን ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው። ብዙ ሰው «በጎቼ ከሱ፣ መድኃኒት ንገረኝ» ብሎ ያልፋል። አንተ ግን እብጠቱ ማታ መጥቶ ጠዋት እንደሚጎድል አስተውለሃል። ከጻፍከው ሁሉ የበለጠ የነገረችኝ እሷ ናት።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ኮሶና እንቆቆ ውሸት አይደሉም፤ ትል ያስወጣሉ። ግን እነሱ የሚያስወጡት ትልና በጎችህን የሚገድለው ትል የተለያዩ ናቸው። እንዶዱን ደግሞ በምንም ምክንያት በበግ አፍ አታግባ። መጠኑን አልነግርህም። ለምን እንደማልነግርህ ግን አንድ በአንድ አስረዳሃለሁ።

በበጠጡ ላይ ካየኸው ልጀምር። ሩዝ የመሰለው ነገር እንደ ሪባን የረዘመ ጠፍጣፋ ትል ቁራጭ ነው። ስሙ ሞኒየዚያ ይባላል፤ ሰው ላይ የምናውቀው የኮሶ ትል ዘመድ ነው። በግልገል አንጀት ውስጥ ሜትሮች ሊረዝም ይችላል። ሲታይ ያስደነግጣል፣ እውነት ነው። ግን ደም አይመጥም። የተፈጨውን ምግብ በቆዳው እየሳበ ነው የሚኖረው። አብዛኞቹ ግልገሎች ከፍ ሲሉ ሰውነታቸው ራሱ ያባርረዋል። ስለዚህ ዓይንህ ያረፈበት ትል ከሁሉም የዋሁ ነው። በበጠጥ ላይ ስለታየ ብቻ ጥፋተኛ ሆነ።

ገዳዩ በበጠጥ ላይ አይታይም። እንቁላሉ ብቻ ነው የሚወጣው፣ እሱም ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። እኔ የምጠረጥረው ሄሞንከስ የተባለውን ደም መጣጭ የጨጓራ ትል ነው። በግ ሲታረድ ከሽንፍላው ቀጥሎ ያለችውን አራተኛዋን የጨጓራ ክፍል ታውቃታለህ። ቤቱ እሷ ናት። ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ እንደ ክር ነው። ሴቷ ትል ቀይና ነጭ ሆና የተገመደ ፈትል ትመስላለች። ቀዩ አንጀቷን የሞላው የበግህ ደም ነው። ነጩ በዙሪያው የተጠመጠመው የእንቁላል ከረጢቷ ነው።

አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያሳጣል። ምንም አይመስልም። ግን በአንድ በግ ውስጥ 5,000 ትል መገኘቱ ብርቅ አይደለም፣ ያ ደግሞ በቀን 250 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለት የሻይ ብርጭቆ በለው። የአንድ 30 ኪሎ በግ ጠቅላላ ደም ከሁለት ሊትር ብዙም አይበልጥም። አስበው እንግዲህ፣ በሳምንት ውስጥ ምን እንደሚቀረው።

እብጠቱም ከዚህ የመጣ ነው። ደሙ ሲያልቅ በደም ውስጥ ውኃን ይዞ የሚያቆየው ፕሮቲን አብሮ ያልቃል። ውኃው ከደም ሥር ወጥቶ ቆዳ ሥር ይጠራቀማል። በጉ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ ውኃው ወደ መንጋጋው ይወርዳል። ሌሊት ቀና ብሎ ሲያድር ይበተናል። ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድለው ለዚህ ነው።

ግን ሁለተኛ ተጠርጣሪ አለ። የጉበት ትልም ልክ እንዲህ ያለ እብጠት ያመጣል። አንተ ያለኸው ሐይቁ አጠገብ ነው፣ ረግረጉም ቅርብህ ነው። ነሐሴና መስከረም ሲሆን ልቤ ወደ ጨጓራው ትል ያዘነብላል፤ የጉበቱ ትል ብዙ ጊዜ ጉዳቱን የሚያሳየው ዝናቡ ካባራ ወራት ቆይቶ ነው። ቢሆንም ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በተግባር አብረው ሳያቸው ነው የኖርኩት።

አሁን ወደ አጎትህ ምክር ልምጣ። እሳቸውን ማቃለል አልፈልግም። የያዙት እውቀት የብዙ ትውልድ ነው። ጥያቄው ያ እውቀት ለማን ተብሎ የተገኘ ነው የሚለው ነው።

አያቶቻችን በትል ላይ የተጠቀሙባቸውን ዕፅዋት ተራ በተራ አስብ። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ፣ ቀጨሞ፣ የዱባ ፍሬ። ሁሉም በአንድ ጠላት ላይ የተነጣጠሩ ናቸው፤ በሰው አንጀት ውስጥ በሚኖረው የኮሶ ትል ላይ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥሬ ሥጋ እንወዳለን፣ የዚህ ትል እጭ ደግሞ በበሬ ሥጋ ውስጥ ነው የሚያድረው። ዛፉና ትሉ ከመላመዳቸው የተነሳ የትሉ ስም ራሱ ኮሶ ሆኖ ቀርቷል። «ኮሶ ታየብኝ» ሲባል በሽታው ነው፣ «ኮሶ ጠጣሁ» ሲባል መድኃኒቱ ነው። በሽታና መድኃኒት በአንድ ስም የሚጠሩበት ሌላ ምሳሌ እኔ አላውቅም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም ይህንን ዛፍና አጠቃቀሙን መዝግቧል።

እንግዲህ ሪባን መሰሉን ትል የሚያስለቅቅ ነገር ክር መሰሉን ትል ይገድላል ማለት አይደለም። የጉበቱን ትልማ ጨርሶ። አንዱ አንጀት ውስጥ ነው፣ ሌላው ጨጓራ፣ ሦስተኛው የሐሞት ቧንቧ ውስጥ። አካላቸው አይመሳሰልም፣ አኗኗራቸው አይመሳሰልም። «የትል መድኃኒት» ብለን በአንድ ስም ስለምንጠራው ነው የምንሳሳተው። የፋርማሲውም መድኃኒት ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ቴትራሚሶል የጨጓራውን ትል ይመታል፣ የጉበቱን ግን አይነካም።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ኮሶ የሚጠጣው እንዴት ነው? ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀምስ፣ በባዶ ሆዱ። መድኃኒቱ ሳይቀየጥ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። በግ ግን ባዶ ሆድ የሚባል ነገር የለውም። ቀኑን ሙሉ ብታስረው እንኳ ትልቁ ጨጓራው በብዙ ሊትር ሣርና ውኃ የተሞላ ነው። በዚያ ላይ ያ ጨጓራ የሚያብላላ ጋን ነው። በውስጡ ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ፣ የገባውን ሁሉ ይሰባብራሉ። አንድ ጣሳ የኮሶ ውኃ እዚያ ውስጥ ሲገባ ይቀጥናል፣ ይብላላል፤ ወደ አራተኛው ክፍል ሲደርስ ምን ያህሉ እንደተረፈ የሚያውቅ የለም። መቀቀሉንም ልብ በል። ኮሶ በልማድ ደርቆ ይወቀጥና ይዘፈዘፋል፣ ከነአተላው ይጠጣል። ቀቅለው ውኃውን ብቻ ሲያጠጡት አያቶቻችን ያላደረጉትን ነው የሚያደርጉት።

«ታዲያ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል ሲባል እሰማለሁ» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ብዙ ዕፅዋት ተፈትነዋል። ብሳና፣ ግራዋ፣ ኮሶ፣ እንቆቆ። ነገር ግን ብዙዎቹ ፈተናዎች የሚደረጉት በብርጭቆ ሳህን ላይ ነው። የሄሞንከስ እንቁላል ይወሰዳል፣ የዕፁ ጭማቂ ይጨመርበታል፣ ይፈለፈላል ወይስ አይፈለፈልም ተብሎ ይቆጠራል። ጥሩ መነሻ ነው። ግን ሳህን ውስጥ ተሕዋስያን የሉም፣ ትልቅ ጨጓራ የለም፣ ጉበት የለም። በሳህን ላይ ያሸነፈ ዕፅ በበግ ሆድ ውስጥ መሸነፉ የተለመደ ነው።

መጠኑን የማልነግርህም ለዚህ ነው። ኪኒን 300 ሚሊ ግራም ካለ 300 ነው። ኮሶ ግን ዛፉ ይለያያል፣ የሴቴዋ አበባ ከወንዴው ይለያል፣ ዘንድሮ የተለቀመው ካምና ከከረመው ይለያል። እናንተ ዘንድ ኮሶ እንደ ልብ አይበቅልም፤ ከላይ ከደጋው ወርዶ ገበያ ላይ ነው የምታገኘው። ስንት ወር እንደቆየ ሻጩም አያውቅ። «አንድ ጭብጥ» ብልህ ዛሬ ውኃ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት መርዝ።

መርዝ ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። ኮሶ ሲበዛ የሰውን የዓይን ነርቭ እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ ከልክ በላይ ጠጥተው የታወሩ አሉ። ብሳና ደግሞ ሆድን አጥቦ የሚጥል ዘይት አለው። ጤነኛ በሬ ይቋቋመው ይሆናል። ደሙ አልቆ እግሩ የሚንቀጠቀጥ በግ ላይ ተቅማጥ ስትጨምርበት ግን ትሉ የጀመረውን አንተ ትጨርሰዋለህ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ያየሁት አለ፤ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አንድ አባት በጎቻቸውን አልቅት ይዞብኛል ብለው ትምባሆ ዘፍዝፈው አጠጡ። ስደርስ አራቱ መሬት ላይ ነበሩ። ምራቃቸው እንደ ገመድ ይወርዳል፣ ጡንቻቸው ቆዳቸው ሥር ይርገበገባል፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከአራቱ አንዷ ብቻ ተረፈች። አባትየው ከጎኔ ቁጢጥ ብለው «አባቴ ሲያደርግ አይቼ ነው» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? የሚገርመው፣ ሐሳቡ መሠረተ ቢስ አልነበረም። ቴትራሚሶል ትልን የሚያሽመደምደው ኒኮቲን የሚነካውን ያንኑ የነርቭ በር ነክቶ ነው። ልዩነቱ ቴትራሚሶል በትክክለኛው ልክ ትሉን ጥሎ በጉን ማለፉ ነው። ትምባሆ ግን ትሉን በሚጥለውና በጉን በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት የጣት ያህል ናት።

ስለ ግራዋ ለብቻው ልናገር፣ ምክንያቱም እወደዋለሁ። የጠላ ጋን የምናጥብበት፣ ምሬቱ የታወቀው ግራዋ። እ.ኤ.አ. በ1987 ታንዛኒያ ውስጥ፣ ማሃሌ ተራሮች ላይ፣ ተመራማሪው ማይክል ሃፍማንና የአገሩ ተወላጅ ባልደረባው አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ ሲከታተሉ ነበር። የግራዋን ቀንበጥ ልጣጭ እየላጠች ውስጡን መራራውን አኝካ ጭማቂውን ዋጠች፣ ቀሪውን ተፋች። በማግሥቱ ደህና ሆነች። የአካባቢው ሰው ደግሞ ያንኑ ተክል ለሆድ ሕመም ይጠቀምበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቺምፓንዚዎች ይህን የሚያደርጉት በአንጀት ትል በሚጠቁበት የዝናብ ወቅት ላይ እንደሆነ ታይቷል። ግራዋ ላይ አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ከብት ቅጠሉን እንደ መኖ ስለሚበላ ጥቂት ቅጠል ብትጨምርላቸው አልከለክልህም። ግን በጉ ዓይኑ ነጥቶ ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ ግራዋ አያድነውም።

ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ብዙ ጉዳት የላቸውም፣ ብዙ ጥቅምም አልታየባቸውም። የዱባ ፍሬ ለዚያ ሪባን መሰል ትል ሊረዳ ይችላል፤ እንደ መኖ ቢበሉት ችግር የለውም። ግን እሱ ትል ገዳይህ አይደለም ብለናል።

የሪባን ትል ዘመዶች በግ የሚገድሉበት አንድ መንገድ ስላለ ግን ሳልነግርህ አላልፍም። አዙሪት ነው። በጉ ወደ አንድ አቅጣጫ እየዞረ፣ አንገቱን እያዘመመ፣ ከመንጋው ተነጥሎ ይቀራል። ይህ የሚመጣው ከውሻ ነው። የውሻ ትል እንቁላል ሣር ላይ ይወድቃል፣ በጉ ይበላዋል፣ እጩ አንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ለዚህ ኮሶም ሆነ ሌላ ዕፅ አይደርስለትም። የሞተም የታረደም በግ ጭንቅላት ለውሻ አትስጥ፣ ቅበረው ወይም አቃጥለው። ይኸው ነው።

እንዶድ። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። እንዶድ ድንቅ ተክል ነው። የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያ ተነሥቶ እንዶድ ብልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። የጉበት ትልም በቀንድ አውጣ ነው የሚተላለፈው። ስለዚህ አጎትህ እንዶድን ከትል ጋር ማያያዛቸው ከምንም ተነሥተው አይደለም።

ግን እንዶድ የሚሠራው ውኃ ውስጥ ነው እንጂ በግ ሆድ ውስጥ አይደለም። ያ አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር አንጀትን ይልጣል። እርጉዝ በግ ከጠጣች ልትጥል ትችላለች። በዛ ካለ ትሞታለች። «እንግዲያው ረግረጉ ላይ ልድፋው» እንዳትል ደግሞ። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ከሐይቁ ዓሣ እያወጣ ልጆቹን የሚያሳድግ ጎረቤት አለህ። ያንን ሥራ በልክና በፈቃድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ካልያዙት አንተ ብቻህን አትንካው።

ኪኒኑ ለምን አልሠራም? እኔ እንደማየው ጥፋቱ የመድኃኒቱ ላይሆን ይችላል። ለበግ የሚሸጠው አልቤንዳዞል ብዙ ጊዜ 300 ሚሊ ግራም ነው። ለአራት ስትከፍለው አንዱ በግ 75 አገኘ። ለጨጓራ ትል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል፤ ለ30 ኪሎ በግ 150 ማለት ነው። ለጉበት ትል በኪሎ 7.5፣ ማለትም 225። አንተ የሰጠኸው ለመጀመሪያው ግማሽ ነው፣ ለሁለተኛው ሲሶ። ትሎቹ በሙሉ አልሞቱም፤ የተረፉት መድኃኒቱን የሚችሉት ናቸው። ይህ ቀልድ አይደለም። ደካሞቹ ሞተው ጠንካሮቹ ይቀራሉ፤ የሚቀጥለው ትውልድ የጠንካሮቹ ልጅ ነው። አገራችን ውስጥም መድኃኒቱን የተላመዱ ትሎች በፍየልና በበግ ላይ ተገኝተዋል። ለከብት የሚሸጥ 2,500 ሚሊ ግራም ኪኒንም ገበያ ላይ አለ፤ ስለዚህ ማሸጊያውን ሳታነብ ምንም አትስጥ። ማሸጊያ የሌለውን፣ ከጆንያ ላይ ተቆጥሮ የሚሸጠውን አትግዛ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አልቤንዳዞል የጉበት ትልን የሚገድለው ካደገ በኋላ ነው። ገና ጉበቱን እየሰረሰረ ያለውን ጨቅላ ትል አይነካም፣ ለእሱ ትሪክላቤንዳዞል ነው የሚሆነው። ደግሞ በመጀመሪያው የእርግዝና ወር ላይ ላለች በግ አልቤንዳዞል አትስጥ፣ ጽንሱን ያበላሻል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ነገ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ 14ቱንም በጎች አንድ በአንድ ያዝ። በአንድ እጅህ አውራ ጣት የላይኛውን የዓይን ቆብ በዓይኑ ላይ ቀስ ብለህ ጫን፣ በሌላው እጅህ የታችኛውን ወደ ታች ሳብ። የታችኛው የዓይን ቆብ ውስጡ ብቅ ይላል። ቀለሙን እይ። ፈጠን በል፣ ብዙ ከከፈትከው ራሱ ይቀላል። ደቡብ አፍሪካውያን ይህን ሥራ በአምስት ደረጃ ከፍለው የቀለም ካርድ ሠርተውለታል። ፋማቻ ይሉታል፣ ከሐኪሙ ከፋፋ ማላን ስም የወጣ ነው። 1 ደማቅ ቀይ፣ 2 ቀላ ያለ፣ 3 ሮዝ፣ 4 ነጣ ያለ ሮዝ፣ 5 እንደ ወረቀት ነጭ። ካርዱ ባይኖርህም አንዱን በግ ከሌላው ስታስተያይ ልዩነቱ ይገባሃል። በደብተር ላይ ጻፈው፣ በየበጉ።

4 እና 5 የሆኑት ዛሬ ነገ ሳይባል መድኃኒት ይፈልጋሉ። ግልገልና እርጉዝ ከሆኑ 3ም ይጨመር። 1 እና 2 የሆኑትን ለጨጓራ ትል ብለህ አታክም። ለምን? ጤነኞቹ የሚጥሉት እንቁላል መድኃኒት ያልለመደ ነው፤ ሜዳው ላይ ከጠንካሮቹ ጋር እየተቀላቀለ መድኃኒቱን ያተርፍልሃል። ሁሉንም በአንድ ቀን ማከም ደህና ቢመስልም የሚተርፈው ጠንካራው ብቻ ይሆናል። የጉበት ትል ከተገኘ ግን ረግረጉ ላይ የጋጡትን በሙሉ ነው የምታክመው።

መኖሩን ለማወቅ በጠጥ አስመርምር። መሬት ላይ የወደቀ አትልቀም። ንጹሕ ፌስታል እጅህ ላይ አጥልቀህ ከራሱ ከበጉ በቀጥታ ውሰድ፣ ፌስታሉን ገልብጠህ ቋጥረው፣ ስሙን ጻፍበት። ከአምስት ወይም ስድስት በግ ይበቃል። ጥላ ውስጥ ይዘኸው በዚያው ቀን የወረዳው እንስሳት ክሊኒክ አድርስ። እዚያ ማይክሮስኮፕ ከሌለ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። አንድ ነገር አደራ፦ «ሁለቱንም ምርመራ ሥሩልኝ» በላቸው። የጨጓራ ትል እንቁላል ቀላል ስለሆነ በጨው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። የጉበት ትል እንቁላል ግን ከባድ ነው፣ ይዘቅጣል። በማንሳፈፍ ብቻ ከታየ «የለበትም» ተብለህ ትመለሳለህ። ካከምክ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ይታይ። የእንቁላሉ ቁጥር ከ100 ወደ 5 ወይም ከዚያ በታች ካልወረደ መድኃኒቱን መቀየር ነው።

እንደገና ከሞተብህ አራተኛዋን የጨጓራ ክፍል ክፈትና ውኃ አፍስስባት። የተገመዱት ክሮች ይታዩሃል። ጉበቱንም ቁረጥ፤ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ከቧንቧው ሲወጣ ታያለህ። ነገር ግን በጉ ድንገት ከሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር ደም ከፈሰሰ፣ ቢላዋ እንዳታነሳ። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ አንተንም ይገድላል። ሳትነካው ለክሊኒኩ ንገር።

ዕፅዋት ከዚህ ታሪክ የሚወጡ እንዳይመስልህ። ትልቁ ሥራቸው በመኖ በኩል ነው። ትል ያለበት በግ የሚያጣው ፕሮቲን ነው። ያንን ከመለስክለት ትሉን ተሸክሞም ይኖራል፣ ራሱም ይዋጋል። ሳስፓኒያ፣ ሉሲና፣ ትሪሉሰርን የሚባሉት የመኖ ዛፎች የጓሮ አጥር ላይ ይበቅላሉ። ችግኛቸውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። የኑግ ፋጉሎ ካገኘህ ለከሱትና ለሚያጠቡት ቅድሚያ ስጥ። የግራርና የቁጥቋጦ ቅጠል ሲበሉ ሌላ ትርፍ አለው። ታኒን የሚባል፣ አፍ የሚያኮማትር ነገር አለው፤ የትሉን ኑሮ በመጠኑ ያከብድበታል። ከዚያም በላይ የትሉ እጭ ቁጥቋጦ ላይ አይወጣም። ከሣሩ ሥር ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው በጤዛ ላይ የሚሳበው። አፉን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚበላ እንስሳ እጭ አይበላም።

ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አታሰማራ። ሣሩ እስከ መሬት የተጋጠበትን ቦታ ተው። መኸር ሲሰበሰብ የታጨደው ማሳ ላይ ቀድመው የሚገቡት ግልገሎቹና እናቶቻቸው ይሁኑ፤ በግ ሳይውልበት የከረመ መሬት ስለሆነ ንጹሕ ነው።

የረግረጉ ነገር ግን ከሁሉም ያሳስበኛል፣ እዚህ ላይ አጎትህ ያስፈልጉሃል። የጉበት ትል አስተላላፊዋ ቀንድ አውጣ ትንሽ ናት፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም አትበልጥም፣ ጭቃ ትመስላለች። በጋ ሲገባ ሜዳው ሁሉ ሲደርቅ እሷ እርጥብ በቀረችው ቁራሽ መሬት ላይ ትሰበሰባለች። በጎቹም ሌላው ሲደርቅ አረንጓዴ ፍለጋ እዚያው ይሄዳሉ። የምትይዛቸው እዚያ ነው። ይህ ቁራሽ የት እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም፣ ላቦራቶሪውም አያውቅም። አጎትህ ግን ያውቃሉ። ዛሬ ማታ ጠይቃቸው፦ «በጥርና በየካቲት ሜዳው ሁሉ ሲደርቅ የማይደርቀው የቱ ጋ ነው?» በላቸው። አብራችሁ ሂዱና ያሳዩህ። ያንን ቦታ በእሾህ አጥረው። ሣሩን ከፈለግከው እጨደውና በደንብ አድርቀህ፣ ጥቂት ወራት አቆይተህ ስጣቸው። የሚጠጡትን ውኃ ደግሞ ቀድተህ በገንዳ አጠጣቸው እንጂ ዳር ዳሩን አትንዳቸው።

የ14ቱን የዓይን ቀለምና የላቦራቶሪውን ውጤት ጻፍልኝ። እሱን ሳይ የየትኛውን መድኃኒት ስንት እንደምትሰጥ፣ ለየትኛው በግ እንደሆነ፣ በስም በስም እነግርሃለሁ።